አሁን እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ምንድን ነው? (የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ቅድሚያ አላችሁ)

ሌሊት አንባቢ (አዲስ አበባ)

ሰላም ቤተሰብ። ክረምቱ ገብቷል። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ለንባብ ግን የሚመች ጊዜ ነው። እናንተ ምን እያነበባችሁ ነው? የሳይንስ ልብ ወለድ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሌላም ቢሆን አይከፋኝም። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ «አሪፍ ነው» ብሎ መሄድ የለም። ምኑ እንደያዛችሁ፣ ምኑ እንዳሰለቻችሁ ተናገሩ። መጨረሻውን የሚነግረን ሰው ደግሞ ማኪያቶ ይጋብዛል።

እኔ «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» ላይ ነኝ። ቻይናዊው ሊዩ ሲሺን የጻፈው። ስሙን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ተከታታይ ፊልሙ በኔትፍሊክስ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ያነበበው መሰለኝ። ደራሲው ኢንጂነር ነው። ሻንሺ በሚባል ክፍለ ሀገር የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ነው የጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2006 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፣ በ2008 መጽሐፍ ሆነ፣ በ2014 በእንግሊዝኛ ታተመ፣ በ2015 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት ወሰደ። በሌላ ቋንቋ ተጽፎ የዓመቱ ምርጥ ረጅም ልብ ወለድ ተብሎ ሁጎን ያገኘ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ሐሳቡ ትልቅ፣ ሰዎቹ ትንሽ። ዋንግ ሚያዎ የሚባል ተመራማሪ አለ። በካሜራው ባነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ያያል። እዚያ ጋ ጸጉሬ ቆመ! ግን ሰውዬው ሚስት አለው፣ ልጅ አለው፣ ሁለቱንም ረስቷቸዋል። ደራሲውም ረስቷቸዋል። ፖሊሱ ሺ ቺያንግ ባይኖር መጽሐፉን ዘግቼው ነበር። ሲጋራውን እያቦነነ ሳይንቲስቶቹን የሚያበሽቅ ሰው ነው፤ ከሁሉም ደም ያለው እሱ ብቻ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስላለው የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያወሩት ምዕራፎችም ረዘሙብኝ። አሁን ግማሽ ላይ ነኝ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የሃያ ሁለት ልጅ

ቀጥል ባክህ! ከግማሽ በኋላ ነው የሚሞቀው።

እኔ «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» እያነበብኩ ነው፤ የአንዲ ዊር። የፀሐይን ብርሃን የሚበላ ጥቃቅን ነገር መጥቶ ምድር ልትቀዘቅዝ ነው። አንድ ሰው ጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ይነቃል፣ ስሙን እንኳ አያስታውስም። ቀስ በቀስ ማን እንደሆነ ይመጣለታል። ጄኔራል አይደለም፣ የታወቀ ጠፈርተኛም አይደለም። የሳይንስ አስተማሪ ነው፤ ያውም የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ። አስተማሪ ዓለምን እንዲያድን የተላከበት መጽሐፍ ሌላ የት ይገኛል?

ሮኪ የሚባለውን ፍጡር ያልወደደ ሰው ልብ የለውም ብዬ ደምድሜያለሁ። ዓይን የለውም፣ በድምፅ ነው የሚያየው፤ ሲናገርም እንደ ሙዚቃ ነው። ያሰለቸኝ የዋናው ሰውዬ ቀልድ ነው። ስንት ሕዝብ ሊያልቅ ነው፣ እሱ ይቀልዳል። ስትራት የምትባለዋ ሴትዮ ግን ንግሥት ናት። ሥልጣን ሁሉ እጇ ላይ ነው፣ ለማንም ይሉኝታ አታውቅም።

የድሮ ተማሪ

ልጄ ሌሊት አንባቢ፣ ያንን መጽሐፍ ለእኔ የሰጠችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ይህ ስለ ጠፈር ብቻ አይደለም» ብላ ነው የሰጠችኝ። እውነቷን ነው።

የሚከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፣ በቻይና የባህል አብዮት ዘመን። አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር በሕዝብ ፊት መድረክ ላይ ቆሞ ይወገዛል። ጥፋቱ የአንስታይንን ትምህርት ማስተማሩ ነው። የሚደበድቡት አራት ልጃገረዶች ናቸው፣ ገና ለጋ ልጆች። ሚስቱም የፊዚክስ መምህር ናት፤ መድረክ ላይ ወጥታ ትመሰክርበታለች። ልጁ ዬ ዌንጂ ከሕዝቡ መሃል ሆና ይህንን ሁሉ ታያለች።

እኔ በ1969 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የቀበሌ አዳራሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አብዮት ጠባቂው በር ላይ ቆሟል። ማጋለጥ ነው፣ ሂስና ግለ ሂስ ነው። ማን ተነስቶ የማንን ስም እንደሚጠራ አይታወቅም። የተናገረ በተናገረው ይያዛል፣ ዝም ያለ ደግሞ ዝምታው ይቆጠርበታል። ይህንን ያየ ሰው የሊዩን የመጀመሪያ ምዕራፍ የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ አያነበውም። እኔ ከዚያ ምዕራፍ በኋላ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጬው ነበር።

«ሰዎቹ ትንሽ ናቸው» አልክ። ስለ ዋንግ ሚያዎ አልሟገትህም። ዬ ዌንጂን ግን ከእነሱ ጋር አትቁጠርብኝ። ኋላ የምታደርገውን አልናገርም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ማኪያቶውን አልችልም። ነገር ግን ያንን የምታደርገው ክፉ ስለሆነች አይደለም። የሰው ልጅ ራሱን በራሱ ሊያርም አይችልም ብላ ስለደመደመች ነው። እንደዚህ የደመደሙ ሰዎች በእኔ ትውልድ ውስጥ ነበሩ። ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ መነነ፣ ገሚሱ ቢሮ እየገባ እየወጣ ጡረታ ወጣ። ሊዩ የጠየቀው፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የዓለም ዕጣ ፈንታ እጁ ላይ ቢወድቅ ምን ያደርጋል ብሎ ነው።

አንድ ሌላ ቦታ አለ፤ ትንሽ ስለሚገልጥ ያላነበባችሁ ይህንን አንቀጽ ዝለሉት። ከዓመታት በኋላ ዬ ዌንጂ አባቷን የገደሉትን ልጆች ፈልጋ ታገኛቸዋለች። የጸጸት ቃል ነበር የጠበቀችው። እነሱ ግን የራሳቸውን መከራ ነገሯት፤ አብዮቱ እነሱንም ተጠቅሞ ጥሏቸዋል። ይቅርታ ሳይጠይቋት ተለያዩ። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በእኛም አገር ገዳይና ሟች አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን ይቅርታ ሲጠይቅ እምብዛም አልሰማሁም። ሁሉም የራሱን ቁስል ነው የሚቆጥረው።

የሚገርመው ደግሞ፣ መጽሐፉ መጀመሪያ ቻይና ውስጥ ሲታተም ይህ የአብዮት ታሪክ ወደ መሃል ተሸጉጦ ነበር። ኬን ሊዩ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው በደራሲው ፈቃድ ወደ ፊት አመጣው። ለሳንሱር የለመደ ሰው ለምን እንደተሸጎጠ አይጠይቅም።

ሌሊት አንባቢ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ያንን ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ አንብቤ ወደ ጠፈሩ ነገር ለመድረስ ነበር የቸኮልኩት። ዬ ዌንጂን በተመለከተ አልከራከርዎትም። ግን ደራሲው እንደዚህ ያለ ሰው መፍጠር ከቻለ፣ የዋንግ ሚያዎን ሚስት አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን ነፈጋት? ያናደደኝ እሱ ነው። መቻሉን ካየሁ በኋላ ነው ያበሸቀኝ።

እውነት ተናጋሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው ቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት እናንተ ስለ ማርስ ታወራላችሁ። የምናነበው ከሆነ ታሪካችንን እናንብብ። ተረት ልጅ እያለን አንብበን ጨርሰናል። ለእኔ ይሄ የሥራ ፈት ንባብ ነው።

የሃያ ሁለት ልጅ

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ማታ ኳስ ስታይ የቤት ኪራይ ይቀንሳል እንዴ?

ሎጊያ ላይ

እውነት ተናጋሪ፣ እኔ የምሠራው አፋር ውስጥ ነው፤ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ። አሁን የማነበው «ዱን»ን ነው። ከምሠራው ሥራ ጋር እንደዚህ የተገናኘ መጽሐፍ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው ያሳተመው። ከዚያ በፊት ከሃያ ያላነሱ አሳታሚዎች አንፈልግም ብለውታል። በመጨረሻ የወሰደው የመኪና ጥገና መጽሐፍ በማሳተም የሚታወቅ ድርጅት ነው፤ ይታያችሁ! ሐሳቡ የመጣለት ደግሞ ከጠፈር አይደለም። ኦሪገን ውስጥ አሸዋ መንገድና ቤት እየዋጠ አስቸግሮ፣ መንግሥት ሣር እየተከለ ሲያቆመው ለመዘገብ ሄዶ ነው። እኛ ተፋሰስ ልማት የምንለው ነገር ማለት ነው።

አራኪስ የምትባለው ፕላኔት ላይ ዝናብ የለም። ሰው የሚለብሰው ልብስ ላቡን መልሶ ያጠራቅምለታል። የሞተ ሰው ውኃው የጎሳው ነው። አንድ ቦታ ላይ የበረሃዎቹ ሰዎች መሪ መጥቶ መስፍኑ ጠረጴዛ ላይ እንትፍ ይላል። ወታደሮቹ ተሰደብን ብለው መሣሪያ ሊመዙ ነው። ከመሃላቸው አንዱ ግን ባህሉን ያውቃል። የሰውነትህን ውኃ ስለሰጠኸን እናመሰግናለን ይለዋል፣ እሱ ራሱም በተራው ጠረጴዛው ላይ እንትፍ ይላል። ያንን ሳነብ ሳቅኩ። የእኔ አያት ስትመርቀኝ እኮ «እንትፍ እንትፍ» ብላ ነው። ፈረንጅ አንባቢ እዚያ ጋ ሲደነግጥ ሐበሻ ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው። እዚህ ደግሞ ውኃ በቦቴ የሚመጣበት ቀን አለ። የጀሪካን ሰልፉን ያየ ሰው የኸርበርትን በረሃ ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

ያልወደድኩትም አለ። ሁሉም ሰው በልቡ የሚያስበውን እናነባለን፣ ያውም በሰያፍ ፊደል። ይደክማል። ማን እንደሚከዳ ደግሞ ደራሲው ገና ከመጀመሪያው ይነግረናል (ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም፣ ማኪያቶ አልጋብዝም)። ብዙ ሰው ዋናውን ልጅ ጳውሎስን ጀግና አድርጎ ነው የሚያነበው። ኸርበርት የፈለገው ተቃራኒውን ነው። ሕዝብ ሁሉን ነገር ለአንድ አዳኝ ሲያስረክብ ምን እንደሚመጣ ማሳየት ነው የፈለገው። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ በጳውሎስ ስም ያለቀው ሕዝብ በቢሊዮን ይቆጠራል። አዳኝ መጠበቅ ለለመደ አገር ይሄ ተረት ነው እንዴ፣ እውነት ተናጋሪ?

መምህር ከባሕር ዳር

ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሌሊት አንባቢ፣ የመጽሐፉ ስም የመጣው ከእውነተኛ የሂሳብ ጥያቄ ነው። ሁለት አካላት በስበት ሲሳሳቡ እንቅስቃሴያቸውን ከኒውተን ጀምሮ በአንድ ቀመር ማስቀመጥ ይቻላል። ሦስተኛ ሲጨመር ነገሩ ይበላሻል። የስዊድኑ ንጉሥ ኦስካር 2ኛ ሽልማት ባዘጋጁ ጊዜ ፈረንሳዊው ፖይንካሬ እ.ኤ.አ. በ1889 ሽልማቱን የወሰደው በዚህ ጥያቄ ላይ በሠራው ሥራ ነው። የደረሰበትም፣ መነሻው ላይ ያለች ቅንጣት ልዩነት መድረሻውን ፍጹም ልትቀይረው እንደምትችል ነው። ይህ ማለት ግን ምንም ማስላት አይቻልም ማለት አይደለም። በኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ እናሰላለን፤ በጣም ሩቅ ጊዜ ላይ ነው የሚከዳን።

ልብ ወለዱ ላይ ያለው የሦስት ፀሐዮች ትርምስ ግን የተጋነነ ነው። መጽሐፉ የሚጠቅሰው የሦስት ኮከቦች ስብስብ፣ እውነተኛው አልፋ ሴንታውሪ ላይ ሁለቱ ትልልቅ ኮከቦች በ80 ዓመት ገደማ አንዴ እርስ በርስ ይዞራሉ። ሦስተኛዋ ፕሮክሲማ ከእነሱ በጣም ርቃ ነው ያለችው። ለእኛ ከፀሐይ ቀጥላ የቅርባችን ኮከብ እሷ ናት፣ 4.2 የብርሃን ዓመት። ሦስቱም ተከባብረው ነው የሚኖሩት፤ እንደ መጽሐፉ አይራገጡም። እኔ ግን በዚህ አልከፋም። ደራሲው አንድ ውሸት ይፈቀድለታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በሥርዓት ካስኬደው።

የአንዲ ዊር የመጀመሪያ መጽሐፍ «ዘ ማርሺያን» ላይም እንደዚሁ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ማርስ ላይ በተነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው። የማርስ የአየር ግፊት ግን ከምድር 1 በመቶ አይሞላም። ያ ሁሉ ፍጥነት ያለው ነፋስ ቢነፍስ እንኳ ቀላል ሽውታ ነው የሚመስልህ፤ መንኮራኩር አይገለብጥም። ደራሲውም ይህንን እያወቀ እንደጻፈው ተናግሯል። ጠፈርተኛው ማርስ ላይ የሚያበቅለው ድንችም አለ፦ የማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ለሰው ጎጂ ጨው እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2008 የወረደችው የናሳ መንኮራኩር ፊኒክስ አግኝታለች። አፈሩን በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። እኔ ይህንን ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አደርገዋለሁ። «ደራሲው የት ላይ ዋሸ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ከመማሪያ መጽሐፉ ጥያቄ ይልቅ በዚህ ነው የሚጣሉት።

አንዲት ነገር ልጨምር። ሊዩ ሲሠራበት የነበረው ሻንሺ የእኛም ታሪክ አለበት። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተወነጨፈችው እዚያው ሻንሺ ካለው የታይዩዋን ማዕከል ነው።

የቅኔ ልጅ

እውነት ተናጋሪ «ታሪካችንን እናንብብ» ብሏል። እሺ፣ መጽሐፈ ሄኖክን እናንብብ። ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪያመጣ ድረስ ፈረንጆቹ ጠፍቷል ብለው ነበር። ሄኖክ ወደ ሰማይ ተነጥቆ የፀሐይን መውጫና መግቢያ ያያል። ስድስት በር በምሥራቅ፣ ስድስት በር በምዕራብ። ዓመቱን 364 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። እንግዲህ ከዚህ በላይ የጠፈር ጉዞ ምን አለ?

ኪዳነ ምሕረት ሰፈር

የቅኔ ልጅ፣ በትሕትና ነው የምናገረው። ሄኖክ ለእኛ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ከልብ ወለድ ጋር አትደባልቀው እባክህ።

የቅኔ ልጅ

አልደባለቅሁም፣ ወንድሜ። ልብ ወለድ ነው አላልኩም። ወደ ላይ ቀና ብሎ መጠየቅ ለእኛ አዲስ አይደለም ነው ያልኩት። አበው ባሕረ ሐሳብን የቀመሩት ወደ ሰማይ እያዩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ከሥራ ስመለስ ባቡር ላይ ነው የማነበው። አሁን ኦክታቪያ በትለርን ይዣለሁ፣ «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር»። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፣ ታሪኩ ግን የሚጀምረው በ2024 ነው። ደራሲዋ የወደፊት ያለችውን ዓመት አልፈን መጽሐፉን ማንበብ ያስፈራል።

ሎረን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በአጥር የተከበበ ሰፈር ውስጥ ትኖራለች። አባቷ ሰባኪ ነው። ከአጥሩ ውጪ ረሃብና ዝርፊያ አለ። ውኃ ከቤንዚን ይወደዳል። የሰፈሩ ሰው በየተራ ሌሊት ይጠብቃል። ሎረን አጥሩ እንደማይቆይ ገብቷታል፤ ጓዟን አዘጋጅታ አስቀምጣለች፣ የሚበላ ተክል ለይታ ታጠናለች። ለጓደኛዋ ስትነግራት ጓደኛዋ ተደናግጣ ነገሩን ታወጣባታለች፤ አባቷም ሰው አታስፈራሪ ብሎ ይቆጣታል። እኔን የነካኝ ይሄ ነው። አዋቂዎቹ ሞኞች አይደሉም። እነሱም ያውቁታል፣ ግን ጮክ ተብሎ እንዲነገር አይፈልጉም። ቤታቸውን ጥለው ከወጡ የእኛ ሰዎች መሃል ስንቱ ነው «ያልፋል» እያለ እስከ መጨረሻው ቀን የቆየው።

ሎረን የምትመሠርተው እምነት ላይ የተጻፉት ግጥሞች ግን አልጣሙኝም፤ እየዘለልኩ ነው።

በትለር ሀብታም ደራሲ አልነበረችም። ሳህን አጥባለች፣ የድንች ችፕስ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሳች ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የማክአርተር ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነች። መቃብሯ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አልታዲና ውስጥ ነው። ያቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በሰደድ እሳት ክፉኛ ተቃጥላለች። መጽሐፉ ውስጥ የየካቲት 1 ቀን 2025 የሎረን ማስታወሻ ስለ እሳት ነው የሚናገረው። ትንቢት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሴትዮዋ ጋዜጣ በደንብ የምታነብ ሰው ነበረች፤ ሌላው ያየውን እያየች ዓይኗን አላዞረችም።

የሌሊት ፈረቃ (አቡ ዳቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አነባለሁ ሳይሆን እሰማለሁ ብል ይሻላል። አንዲት አሮጊት እናት ነው የምጠብቀው። እሳቸው ሲተኙ አንዱን ጆሮዬን ለእሳቸው፣ ሌላውን ለመጽሐፉ እሰጣለሁ።

አሁን የኡርሱላ ለጉዊን «ዘ ሌፍት ሃንድ ኦፍ ዳርክነስ» ላይ ነኝ፤ የ1969 መጽሐፍ ነው። ጄንሊ አይ የሚባል መልእክተኛ በረዶ ወደሞላባት ፕላኔት ብቻውን ይላካል። ብቻውን የሚላከው ሆን ተብሎ ነው። አንድ ሰው ማንንም አያስፈራም። ሰዎቹ ሴትም ወንድም ብቻ አይደሉም፤ በየወሩ ይለዋወጣል። ስለ መጽሐፉ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህንን ነው። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው።

ጄንሊ ያላወቀው ሕግ አለ። በዚያ አገር ሰው ለሰው ፊት ለፊት ምክር አይሰጥም፣ ክብር ይነካል። ሁሉ ነገር ዙሪያውን ነው። እሱ ደግሞ አይገባውም። የሚረዳውን ሰው ጠላቴ ነው ይላል፣ የሚሸነግለውን ያምናል። ሰው ቤት ገብቶ የሠራ ሰው ይህንን ያውቀዋል። በር ላይ የሚነግርሽ ሕግ አለ። የማይነግርሽ ሕግ ደግሞ አለ፤ እሱን የምታውቂው ስትጥሺው ነው። የትኛዋ ሳቅ ደግነት እንደሆነች፣ የትኛዋ ደግሞ ነገር እንዳዘለች ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። ለጉዊን ይህንን ከየት አመጣችው እያልኩ ነበር። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ታዋቂ አንትሮፖሎጂስት ነበሩ አሉ። የሰው አገር ሰው ሲገባ ምን እንደሚሆን እየሰማች ነው ያደገችው ማለት ነው።

መጀመሪያው ከባድ ነው፣ ስሞቹ ያደናግራሉ። ታገሱት። ኋላ ላይ ሁለት ሰዎች በረዶ ላይ ተንሸራታች እየጎተቱ የሚሄዱበት ረጅም ጉዞ አለ። ምንም ጦርነት የለም፣ ድንኳን፣ ምድጃና ወሬ ብቻ። ሳላስበው ሥራ ሰዓቴ አለቀ።

ሌሊት አንባቢ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ይህንን መጽሐፍ ብዙ ሰው ሲተነትነው አንብቤያለሁ፤ ስለማይነገረው ሕግ እንዳንቺ ያስረዳኝ ግን የለም። ዝርዝሬ ውስጥ ገብቷል።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ ደግሞ፦ ቴድ ቺያንግን ሞክሩ። ረጅም ልብ ወለድ አልጻፈም፣ አጫጭር ብቻ ነው የሚጽፈው፣ እሱንም በጣም ቀስ ብሎ። «አራይቫል» የሚለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 ካሳተመው ታሪክ ላይ ነው የተሠራው። ፊልሙን ብታዩትም ታሪኩን አንብቡት፤ የእናትየዋ ነገር ወረቀት ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

ፒዲኤፍ አለቃ

ሁሉንም በቴሌግራም ልልክላችሁ እችላለሁ።

መምህር ከባሕር ዳር

አመሰግናለሁ፣ ግን ይቅርብኝ። ደራሲ ከምን ይበላል? አዲስ አበባ ስመጣ ለገሃርና አራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ እዞራለሁ። አንዳንዴ የ1960ዎቹ እትም ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ሻጩ ሳይንስ ልብ ወለድ መሆኑን ስለማያውቅ ከሕክምና መጽሐፍ ጋር ይደረድረዋል።

እውነት ተናጋሪ

ተሳደባችሁም ተከራከራችሁም፣ እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። የጋሼ የድሮ ተማሪ ጽሑፍ ግን ከባድ ነው፤ ለአባቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝ።

አንድ ጥያቄ፦ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እዚህ ውስጥ ይገባል? ጣና አለ፣ ገዳም አለ፣ የጠፈር ሳይንስ አለ። እሱን ከወጣበት ዓመት ጀምሮ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

የሃያ ሁለት ልጅ

ኸረ! ሥራ ፈት!

ሎጊያ ላይ

እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ። ቀጣዩ «ዱን» ነው።

የድሮ ተማሪ

እውነት ተናጋሪ፣ አባትህን ሰላም በልልኝ። ሐሳብህን እንድትቀይር አልጠይቅህም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጻፍሽው በጣም ማረከኝ። የበትለርን መጽሐፍ አዲስ አበባ ውስጥ ማን አለው? ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ዓይኔን ያመኛል።

ሌሊት አንባቢ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እኔ ጋ አለ፤ ሽፋኑ ግን ተገንጥሏል። ቅዳሜ ከሰዓት ለገሃር አካባቢ ነኝ።

የድሮ ተማሪ

ሽፋን ምን ያደርግልኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እመጣለሁ።